ያበበ ጓሮ በፖንትዋዝ፦ ስለ ፒሳሮ ሥዕል ጥያቄና መልስ

ሥዕሉ ካሚል ፒሳሮ በ1877 የሳለው ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከፊት የአትክልት መደብ፣ መሃል ላይ ያበቡ የፍራፍሬ ዛፎች፣ ከኋላ የቤት ጣሪያዎችና ኮረብታ ይታያሉ። ፓሪስ፣ ኦርሴ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። የደረሱኝን ጥያቄዎች ልመልስ።

ፖንትዋዝ የት ናት?

ከፓሪስ ሰሜን ምዕራብ፣ ዋዝ ወንዝ ዳር። ፒሳሮ ከ1872 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ኖሮባታል።

ቀርቤ ሳየው ነጠብጣብ ብቻ ነው። ሳይጨርሰው ትቶት ይሆን?

ኧረ ጨርሶታል! አበባውን አንድ በአንድ አልሳለውም እንጂ። ወፈር ያለ ነጭ ቀለም በብሩሽ ጠቅ ጠቅ እያደረገ ነው ያስቀመጠው። ራቅ ብለው ሲያዩት ዓይንዎ ራሱ ያገጣጥመዋል። እርስዎ የጠየቁትን የዘመኑ ሰዎችም አንስተዋል። በ1874 በመጀመሪያው የኢምፕሬሽኒስቶች (የቅጽበቱን ብርሃንና ቀለም ለመያዝ የሚጥሩ፣ ፒሳሮን የመሰሉ ሰዓሊዎች) ኤግዚቢሽን፣ ሉዊ ሌሯ የተባለ ጸሐፊ ፒሳሮ የሳለውን ውርጭ ያረፈበት እርሻ «ከቀለም ሰሌዳ የተፋቀ ዝቃጭ» ዓይነት ነገር ብሎ ተሳልቆበታል። እኔ ግን ይህን የጓሮ ሥዕል ባየሁ ቁጥር ቅርንጫፎቹ የሚነቃነቁ ይመስለኛል። አንድ በአንድ የተለቀመ አበባ እንዲህ አይነቃነቅም።

ኢምፕሬሽኒስቶች ጥላን ለምን ሰማያዊ ያደርጉታል?

ደጅ ወጥተው ስላዩት ነው። ፀሐይ በቀጥታ ያላገኘው ቦታ ብርሃን የሚያገኘው ከሰማዩ ነው፤ ስለዚህ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ስቱዲዮ ተቀምጦ በቡናማ ቀለም ጥላ መሥራት ልማድ ሆኖ ቆይቶ ነበር። ደጅ መሳልን ያቀለለው ደግሞ በ1841 ጆን ራንድ የተባለ አሜሪካዊ የፈለሰፈው የቆርቆሮ ቀለም ቱቦ ነው።

ሰዓሊው ሴዛንም ይህን ቦታ ስሏል የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ በዚያው ዓመት። ጓደኛሞች ነበሩ፤ ፒሳሮ በዕድሜ ይበልጠዋል፣ ብዙም አስተምሮታል። የሴዛን ረጋ ያለ ነው፤ ቤቶቹ ጎልተው ይወጣሉ። የፒሳሮ ጥቅጥቅ ያለ ነው። እኔ የፒሳሮን እመርጣለሁ።

ሙዚየም እንዴት ገባ?

ሰዓሊው ጉስታቭ ካይቦት የጓደኞቹን ሥራዎች ይሰበስብ ነበር። በ1894 ሲሞት ስብስቡን ለፈረንሳይ መንግሥት ተናዘዘ። ብዙ ካጨቃጨቀ በኋላ መንግሥት የተወሰኑትን ብቻ ተቀበለ፤ ይህ ከተቀበላቸው አንዱ ነው።

ሥዕል ማየት ገና እየጀመርኩ ነው። ምኑን ልይ?

መደቦቹን! ሁሉም ሰው አበባው ላይ ይቀራል። የፒሳሮ ልብ ግን የሰው እጅ የሠራው መሬት ላይም ነው። ሌሎቹ ኢምፕሬሽኒስቶች የጀልባ ሽርሽርና የመናፈሻ ጨዋታ ሲስሉ እሱ ጓሮና ገበሬ ይስል ነበር። እዚህም ለተቆፈረው አፈርና ለአትክልቱ ቅጠል የሰጠው ቀለምና ትጋት ለአበባው ከሰጠው አያንስም። ከታች ጀምረው ዓይንዎን ቀስ እያሉ ወደ ጣሪያዎቹ ይውሰዱ። መንደሩ ከጓሮው የበቀለ ሆኖ ያገኙታል።