አዲስ ባትሪ ገብቶላት መኪናዬ ሰኞ ጠዋት ለምን አትነሳም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ 15 ዓመት ያለፋት የቤንዚን አውቶሞቢል ነች። በየቀኑ ስነዳት ጠዋት ትንሽ እየከበዳትም ቢሆን ትነሳለች። ቅዳሜ ቀትር ላይ አቁሜያት ሰኞ ጠዋት ቁልፍ ስሰጣት ግን "ጠጠጠጠ" ብላ ዝም ትላለች። የመጀመሪያው መካኒክ ባትሪው ሞቷል ስላለኝ አዲስ ባለ 60 ባትሪ ገዛሁ። ብዙም ሳይቆይ ያው ሆነች። ሁለተኛው ዲናሞው አይሞላም ብሎ ዲናሞ አስቀየረኝ። አሁንም ያው ነው። አንዳቸውም በመሣሪያ ሲለኩ አላየሁም። ሦስተኛው "ኔጌቲቩ ተነቅሎ ይደር" አለኝ። እውነትም ነቅዬ ሳቆማት ሰኞ በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሳለች። አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መስመሩ በሙሉ ይቀየር እየተባልኩ ነው። ላስቀይር?

መልስ፦ አያስቀይሩ። የመልሱ ግማሽ ደብዳቤዎ ውስጥ አለ።

ኔጌቲቩ ተነቅሎ ሲያድር ትነሳለች ብለዋል። እንግዲያው ባትሪው ኃይሉን ይዞ ይቆያል ማለት ነው። ውስጡ የተበላሸ ባትሪ ቢነቀልም ይወርዳል። የእርስዎ ሲነቀል ይቆያል፣ ሲገጠም ይወርዳል። ስለዚህ መኪናዋ ጠፍታ በቆመችበት ኤሌክትሪክ የሚበላ ነገር አለ። የሦስተኛው መካኒክ ምክር መፍትሔ አይደለም፣ ጊዜያዊ ማቆያ ነው። ነገር ግን ከሁሉም የሚሻለውን ምርመራ በነፃ አሠርቶዎታል።

ድምፁም ይመሰክራል። "ጠጠጠጠ" የምትል መኪና ወይ የባትሪ ኃይል አንሷታል፣ ወይ የባትሪው ማሰሪያ ላልቷል። የሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ማግኔት ይስባል። ሞተሪኖው ብዙ ኃይል ሲጠይቅ ቮልቴጁ ይወርድና ማግኔቱ ይለቃል፣ መልሶ ይስባል። አንድ ጊዜ ብቻ "ጧ" ብላ ዝም ብትል ኖሮ ሞተሪኖውን እንጠረጥር ነበር። ሞተሩ በኃይል እየዞረ አልነሳ ካለ ደግሞ ጉዳዩ ከባትሪ ወጥቶ ወደ ነዳጅና ካንዴላ ይሄዳል።

የቆመች መኪናም ብትሆን ጥቂት ትበላለች። ሰዓቱ፣ አላርሙ፣ የኮምፒውተሩና የሬዲዮው ሜሞሪ ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ላይ ናቸው። ይህ ከ20 እስከ 50 ሚሊአምፒር ከሆነ ጤናማ ነው። 50 ሚሊአምፒር በ24 ሰዓት ውስጥ 1.2 አምፒር ሰዓት ብቻ ይወስዳል። ባለ 60 ባትሪ፣ ማለትም 60 አምፒር ሰዓት የሚይዝ፣ ይህን ለሳምንታት ይችለዋል። አሁን አንዲት ባለ 5 ዋት አምፖል ሳትጠፋ ቀረች እንበል። የምትስበው 0.4 አምፒር ገደማ ነው። በአንድ ሌሊት 5 አምፒር ሰዓት ያህል ትበላለች። ከቅዳሜ ቀትር እስከ ሰኞ ጠዋት ደግሞ 17 ገደማ ይደርሳል። በአጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ መኪና ባትሪዋ መጀመሪያውኑ ሙሉ አይሆንም። ከዚያ ላይ 17 ሲቀነስ ሞተሪኖውን የሚያዞር ኃይል አይቀርም። በየቀኑ ስትነዳ የምትነሳው፣ ቅዳሜና እሑድን ስትቆም የምትሞተው ለዚህ ነው። ጠዋት ጠዋት የሚከብዳትም ከዚሁ የተነሳ ነው።

ሥራውን ለመጀመር አንድ ዲጂታል ቴስተር ይበቃዎታል። እስከ 10 አምፒር የሚለካ ይሁን እንጂ ውድ መሆን የለበትም። ሁለት ዕቃ ተቀይሮ ቴስተር አለመነካቱ ያንገበግባል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ልኬት ያን ሁሉ ወጪ ሊያስቀር ይችል ነበር።

መጀመሪያ መኪናዋ ጠፍታ ጥቂት ሰዓት ትረፍ። ከዚያ የባትሪውን ሁለት ጫፎች በቮልት ይለኩ። 12.6 ካሳየ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ደግሞ ሩብ ገደማ ነው። ከነዷት በኋላ ወዲያው የሚለካ ቮልት ያታልላል፣ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይታያል። ቀጥሎ ሞተሩን አስነስተው እዚያው ጫፎች ላይ ይለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ ከሆነ ዲናሞው እየሞላ ነው። አዲሱ ዲናሞ ይህን ካሳየ ስለ መሙላቱ አይጨነቁ። የሚበላው እሱ ሊሆን የሚችልበት መንገድ ግን አለ፣ እመለስበታለሁ።

ዲናሞን ለመፈተሽ ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ኬብል የሚነቅሉ አሉ። "ካልጠፋች ዲናሞው ደህና ነው" ይላሉ። እባክዎ ማንም በእርስዎ መኪና ላይ ይህን እንዲያደርግ አይፍቀዱ። ባትሪው የቮልቴጁን መዝለል የሚያረግብ ነው። እሱ በድንገት ሲወጣ ቮልቴጁ ከልክ በላይ ይዘላል፣ ኮምፒውተሩንና የዲናሞውን ዳዮዶች ሊያቃጥል ይችላል። ይህ ዘዴ ኮምፒውተር ካልነበራቸው ከጥንቶቹ መኪኖች የቀረ ልማድ ነው።

የባትሪውን ማሰሪያዎችም በእጅ ያወዛውዟቸው። ከተነቃነቁ ይጠበቁ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለባቸው በሞቀ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ አጥበው ያድርቋቸው።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ።

የውስጥ መብራቶችን ያጥፉ፣ ሬዲዮውን ይዝጉ፣ ቁልፉን አውጥተው ራቅ አድርገው ያስቀምጡ። ኮፈኑን ይክፈቱ። መፈተሽ የሚፈልጉት የፊውዝ ሳጥን ከውስጥ ከሆነ በዚያ በኩል ያለውን በር ከፍተው ይተዉት። ነገር ግን በበሩ ጠርዝ ላይ ያለውን መቆለፊያ በካቻቢቴ ጫፍ ገፍተው "ጠቅ" እንዲል ያድርጉ። ያን ጊዜ መኪናዋ በሩ የተዘጋ ይመስላታል። ሲጨርሱ እጀታውን ስበው መልሰው መክፈት አይርሱ፣ አለዚያ በሩ ሲዘጋ ከመቆለፊያው ጋር ይጋጫል። በሩ ላይ መቆለፊያው ሳይሆን ትንሽ የመብራት መጫኛ ቁልፍ ካለ ደግሞ እሱን ተጭነው በፕላስተር ያስይዙት።

ቴስተሩን 10 አምፒር ላይ ያድርጉ። ቀዩን ገመድ 10A ወደሚለው ቀዳዳ ማዛወር አለብዎት፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ኬብል ይንቀሉ። አንዱን የቴስተር ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር፣ ሌላውን ከተነቀለው ኬብል ጋር ያገናኙ። አሁን መኪናዋ የምትበላው ሁሉ በቴስተሩ ውስጥ ያልፋል። እንዲህ እንዳለ ቁልፍ መስጠት ፈጽሞ አይቻልም። ሞተሪኖው ከመቶ አምፒር በላይ ሊስብ ስለሚችል የቴስተሩ ፊውዝ ወዲያው ይቃጠላል።

መጀመሪያ የሚያዩት ቁጥር ከፍ ያለ ይሆናል፣ ምናልባት 2 ወይም 3 አምፒር። አይደንግጡ። ኬብሉ ሲነካ የመኪናዋ ኮምፒውተሮች ነቅተዋል። ይጠብቁ። አንዳንዷ በ10 ደቂቃ ትተኛለች፣ አንዳንዷ አንድ ሰዓት ትፈጃለች። ቁጥሩ ደረጃ በደረጃ ሲወርድ ይታያል። ሳይጠብቁ መለካት ጥፋት የሌለበትን ነገር ጥፋተኛ ያደርጋል። ቁጥሩ ከረጋ በኋላ ከ0.05 አምፒር (50 ሚሊአምፒር) በታች ከሆነ የሚበላ ነገር የለም፣ ወይም አልፎ አልፎ ብቻ የሚነቃ ነው። 0.3፣ 0.5 ወይም ከዚያ በላይ ላይ ቢረጋ ያዝነው ማለት ነው።

የተለመደው ቀጣይ እርምጃ ፊውዝ አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩ የሚወርድበትን ማየት ነው። ይሠራል፣ ግን ችግር አለበት። ፊውዝ ሲነቀልና ሲመለስ ኮምፒውተሮቹ ሊነቁ ይችላሉ፤ ከዚያ እንደገና ጥበቃ ነው። የተሻለ መንገድ አለ። ኔጌቲቩን መልሰው ያሰሩና መኪናዋ እንደገና እስክትተኛ ይጠብቁ። ቀዩን የቴስተር ገመድ ወደ ቮልት ቀዳዳው ይመልሱ፣ ቴስተሩንም ሚሊቮልት ላይ ያድርጉ። ፊውዞቹን ከላይ በደንብ ይዩ። የእያንዳንዱ ፊውዝ ጀርባ ላይ ግራና ቀኝ የቴስተር ሹል ጫፍ ብቻ የሚገባባቸው ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች አሉ። ሁለቱን ጫፎች እነዚያ ላይ ያሳርፉ። ዜሮ ካለ በዚያ ፊውዝ ውስጥ ምንም አያልፍም። 3 ሚሊቮልት ወይም ሌላ ቁጥር ካሳየ ግን ኤሌክትሪክ እያለፈ ነው። ባለ 10 አምፒር ፊውዝ ላይ 3 ሚሊቮልት ማለት 0.4 አምፒር ገደማ ነው፤ የዚያች የ5 ዋት አምፖል ልክ። ፊውዝ ሳይነቀል ሳጥኑን በሙሉ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሱታል። ይህን ዘዴ በጣም እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም መኪናዋን ከእንቅልፏ አይቀሰቅስም።

ፊውዙን ካገኙ በሳጥኑ ክዳን ላይ የምን እንደሆነ ይነበባል። እዚያ መስመር ላይ ያለውን አንድ በአንድ ይንቀሉ። በተደጋጋሚ የሚገኙት ከኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያለው መብራትና ከፊት የወረቀት ማስቀመጫው መብራት ናቸው፤ ክዳናቸው ተዘግቶም ይበራሉ። ስልክዎን ቪዲዮ እየቀረጸ ውስጥ ያስቀምጡና ክዳኑን ይዝጉ፤ መብራቱ መጥፋት አለመጥፋቱን ቪዲዮው ይነግርዎታል። ከፋብሪካ በኋላ የተገጠመ ነገር ሁሉ ደግሞ ቀዳሚ ተጠርጣሪ ነው። ሬዲዮ፣ አምፕሊፋየር፣ አላርም፣ ጂፒኤስ፣ የመንገድ ካሜራ። በተለይ ሬዲዮ። ሁለቱ የፖዘቲቭ ሽቦዎቹ ለየብቻ መታሰር አለባቸው፤ አንዱ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ካለው ቋሚ መስመር፣ ሌላው ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኘው። ቸኩሎ የገጠመ ሰው ሁለቱንም ከቋሚው ጋር ያስራቸዋልና ሬዲዮው ሙሉ በሙሉ አያንቀላፋም። መኪናዋ መቸገር ከመጀመሯ በፊት ምን አዲስ ነገር እንደተገጠመ ያስታውሱ። ከዚህ ጥያቄ ብቻ መልሱ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሪሌዎችንም (መስመርን በኤሌክትሪክ የሚከፍቱና የሚዘጉ ትንንሽ ሳጥኖች) በጣትዎ ይንኩ። መኪናዋ ለረጅም ሰዓት ቆማ አንዱ ሪሌ ብቻ ሞቅ ካለ ሳይጠፋ ቀርቶ ኤሌክትሪክ እየበላ ሊሆን ይችላል። ቅርጹና ቁጥሩ አንድ ከሆነ ሌላ ሪሌ ጋር አቀያይረው ይሞክሩት።

ሁሉም ፊውዝ ዜሮ ካሳየና ባትሪው አሁንም ከወረደ ወደ ዲናሞው እንመለስ። ዲናሞ ባትሪውን የሚሞላው በዳዮዶች በኩል ነው። ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማሳለፍ አለበት። አንዱ ከተበላሸ ሞተሩ ሲጠፋ ኃይሉ ከባትሪው ወደ ዲናሞው ይመለሳል። በሥራ ላይ ሲለኩት 14 ቮልት ሊያሳይ ይችላል፣ ሌሊት ግን ይበላል። አዲስ የተባለው ዲናሞም ከዚህ ነፃ አይደለም፣ በተለይ ታድሶ የተሸጠ ከሆነ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ የዲናሞው አካል ለብ ካለ ጠንካራ ምልክት ነው። ለማረጋገጥ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉና የዲናሞውን ወፍራም ገመድ ፈትተው ጫፉን በደንብ በቴፕ ይጠቅልሉ። ከዚያ የአምፒሩን ልኬት ይድገሙ። ቁጥሩ ወደ ጤናማው ከወረደ ጥፋተኛው ዲናሞው ነው። ቫውቸርና ዋስትና ካለዎት ይዘው ወደ ሻጩ ይሂዱ።

ስለ ደህንነት ሁለት ነገር። ባትሪ ሲነቀል ኔጌቲቩ ይቅደም፣ ሲገጠም ኔጌቲቩ መጨረሻ ይሁን። ፖዘቲቩን እየፈቱ የያዙት መፍቻ የመኪናውን አካል ቢነካና ኔጌቲቩ ያልተነቀለ ከሆነ ብረቱ እስኪቀላ የሚያግል ብልጭታ ይፈጠራል። ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ስለሆነ ሲጋራም ሆነ እሳት አይጠጋም። ሁለተኛው፣ የተቃጠለ ፊውዝ ካገኙ በዚያው ቁጥር ይተኩት። ከፍ ባለ ፊውዝ ወይም በሽቦ መተካት ሽቦውን ራሱን ፊውዝ ማድረግ ነው፤ መኪና የሚቃጠለው እንዲህ ነው።

የሚበላው ነገር ከተገኘም በኋላ ባትሪውን በቻርጀር ሌሊቱን ሙሉ ያስሞሉት። በአጭር መንገድ ጉዞ ዲናሞው ይህን ያህል የወረደ ባትሪ አይሞላም። ደጋግሞ ባዶ የቀረ ባትሪ ውስጡ ሰልፌት ስለሚይዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ የእርስዎም ጥቂት ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ሞልቶ ካረፈ በኋላ 12.6 አካባቢ ከያዘና ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 ቮልት በታች ካልወረደ ግን ገና ብዙ ያገለግልዎታል።

ይህን ሁሉ ራስዎ መሥራት ካልፈለጉ የመኪና ኤሌክትሪሽያን ዘንድ ይሂዱ። "ባትሪዬ ይወርዳል" ብቻ አይበሉት። "ተነቅሎ ሲያድር አይወርድም፣ መኪናዋ ከተኛች በኋላ ስንት አምፒር እንደምትበላ ለክተህ ቁጥሩን አሳየኝ" ይበሉት። ለክቶ ቁጥሩንና መስመሩን የሚያሳይዎት ሰው እስኪያገኙ ድረስ መስመር ለማስቀየር አይስማሙ።