ከስልጠናው ማግስት፦ በጤና እርዳታ ሥራ ለምትሰማሩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በቅርቡ አንድ ወጣት የእርዳታ ሠራተኛ በጤና አገልግሎት ውስጥ ሙስናን ስለመከላከል የተሰጠውን ስልጠና እንደጨረሰ፣ «የተማርኩትን ተረድቻለሁ፤ ግን ያየሁትን ለማን ነው የምናገረው?» ሲል ጠየቀኝ። ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ዓመታት በፊት ከአንዲት የመድኃኒት ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሰምቼው ነበር። የእሷ ነገር እስከ ዛሬ ስለሚቆጨኝ ይህን ደብዳቤ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

እኔ ከአሰልጣኞቹ አንዱ ነበርሁ፤ እሷ ደግሞ ከኋላ ወንበር የተቀመጠች፣ ብዙም የማትናገር ሠልጣኝ ነበረች። በዕረፍት ሰዓት ቀረብ ብላ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት» አለችኝና ከቢን ካርድ (የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ ከሚመዘገብበት የግምጃ ቤት ካርድ) ላይ በእርሳስ የገለበጠቻቸውን ቁጥሮች ከደብተሯ አወጣች። ነገሩ አርቴሜተር ሉሜፋንትሪን የተባለውን የወባ መድኃኒት የሚመለከት ነበር። ይህ መድኃኒት እንደ ታማሚው የሰውነት ክብደት ባለ 6፣ ባለ 12፣ ባለ 18 እና ባለ 24 ፍሬ ሆኖ ይታሸጋል፤ ባለ 6 ፍሬው ለትንንሽ ሕፃናት፣ ባለ 12ቱ ከፍ ላሉ ሕፃናት፣ ባለ 24ቱ ለአዋቂዎች ነው። በሕሙማን መዝገብ ላይ የሰፈሩት አብዛኞቹ አዋቂዎች ሆነው ሳለ፣ ከመደርደሪያው ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው ግን የሕፃናቱ እሽግ ነበር። የአዋቂዎቹ እሽግ በካርዱ ላይ በየወሩ በወጉ ወጪ ሆኗል፤ ፊርማውም ማኅተሙም የተሟላ ነው።

እሷ በካርዱ አልረካችም። ወደ መድኃኒት ማደያው ክፍል ሄዳ በቆሻሻ መጣያው ውስጥ የተጣሉትን ባዶ ካርቶኖች እየለቀመች በየዓይነታቸው ቆጠረች። ባለ 24 የሚል ጽሑፍ ያለበት ካርቶን ከስንት አንዴ ካልሆነ አልተገኘም፤ ባለ 12ቱ ግን ክምር ነበር። ለአዋቂዎች የተላከው መድኃኒት ከግምጃ ቤቱ ወጥቶ ማደያው ጋ ሳይደርስ ይቀራል፤ መድኃኒት የምታድለው ሠራተኛም ታማሚውን ባዶ እጁን ላለመመለስ ሁለት ባለ 12 እሽግ አጣምራ ትሰጠዋለች፤ በኋላ ትኩሳት ያንገበገበው ሕፃን ሲመጣ ለእሱ የሚሆን አይተርፍም። አዳይዋ የሠራችው በቅንነት ነው፤ ጉድለቱን የሸፈነውም ይኸው ቅንነቷ ነበር። በእኛ የስልጠና ሰነድ ውስጥ ይህን የመሰለ ነገር አልነበረም፤ እኛ ሙስና ማለት በአደራ የተሰጠን ሥልጣን ለግል ጥቅም ማዋል ነው የሚለውን ትርጓሜ እያብራራን ነበር።

ከዚያም እንዲህ አለችኝ፦ «ወጪ ማዘዣውን የሚፈርመው አለቃዬ ነው። ጉድለት ስታዩ ቅጽ ሞልታችሁ ሪፖርት አድርጉ ብላችሁናል፤ ቅጹ የሚገባውም ለእሱ ነው። ታዲያ ለማን ልስጠው?» የድርጅቱን መመሪያ ብናገላብጠው ከቅርብ ኃላፊ ውጭ ሌላ በር አልነበረውም። ጉዳዩ ስሟ ሳይጠቀስ ለበላይ ኃላፊዎች ደረሰ። እነሱም ግምጃ ቤቱ ይቆጠር ከማለታቸው በፊት «ይህን ያለው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ፤ የዚያን ካርድ ቁጥር የሚያውቅ ሌላ ሰው ባለመኖሩም ወዲያው ታወቀች። ብዙም ሳይቆይ «ለሥራ ቅልጥፍና» በሚል ደብዳቤ ከመድኃኒት ጋር ወደማይገናኝ ክፍል ተዛወረች፤ በመጨረሻም ሙያውን ተወችው። ባዶ ካርቶን መቁጠር ማንም ሳያስተምራት ያሰበችውን ሰው ያጣ ግምጃ ቤት ምን ያህል እንደከሰረ የመዘገበ የለም።

ሮበርት ክሊትጋርድ የተባሉ ምሁር ሙስና የሚበረታው ሥልጣን በአንድ እጅ ሲጠቀለል፣ ባለሥልጣኑ እንዳሻው የመወሰን ዕድል ሲያገኝና ተጠያቂነት ሲጎድል መሆኑን በአጭር ቀመር አስቀምጠዋል። በዚያ ግምጃ ቤት የሚያዝዘውም፣ የሚያጸድቀውም፣ አቤቱታ የሚቀበለውም አንድ ሰው ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ የበታች ሠራተኛን ሰብስቦ ስለ ሥነ ምግባር ማስተማር ከንቱ ድካም ነው እላለሁ፤ መሠልጠን ያለባቸው ፈራሚዎቹ ናቸው።

ስልጠናው ራሱም መዝረፊያ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ኤድስን፣ የሳንባ ነቀርሳንና ወባን ለመዋጋት ገንዘብ የሚሰጠው የግሎባል ፈንድ መርማሪዎች በማሊ ባደረጉት ማጣራት ለስልጠና ወጣ የተባለ ገንዘብ በሐሰተኛ ደረሰኝና በተጭበረበረ የአበል ፊርማ መወሰዱን ደርሰውበታል። ስለዚህ በአቴንዳንስ ላይ ያልመጣ ሰው ስም ካያችሁ ቀላል ነገር ነው ብላችሁ አትለፉት። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት ፌዴሬሽን በምዕራብ አፍሪካው የኢቦላ ዘመቻ ወደ 6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በማጭበርበር መጥፋቱን ራሱ ይፋ አደረገ። በጊኒ በጉምሩክ ማስፈጸሚያ ሂሳብ፣ በላይቤሪያ በዕቃ ዋጋና በደመወዝ፣ በሴራሊዮን ከባንክ ሠራተኞች ጋር በመመሳጠር ነበር የተወሰደው። በወረርሽኝ ጊዜ ገንዘቡ በጥድፊያ ይለቀቃል፤ ተቆጣጣሪው የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ፌዴሬሽኑ ጉድለቱን አለመደበቁን ግን አከብርለታለሁ።

ጉቦ አትቀበሉ ብዬ አልመክራችሁም፤ ይህን ታውቁታላችሁ። ስለ እናንተ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እኛ በናንተ ዕድሜ ያልነበረን ድፍረት አላችሁ፤ ነገር ግን አንድ ወረቀት በስልክ አንስቶ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መልቀቅ ሥራውን የጨረሰ ይመስላችኋል። ሌባው ያን ዕለት ሰነዱን ያጠፋል፤ ታማሚው ግን መድኃኒቱን አያገኝም። ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ ስርቆት ይቆማል የሚለውንም እምነታችሁን አልጋራም፤ ያ የቢን ካርድ ቁጥር ወደ ኮምፒውተር ቢገባም ያው የተሟላ ቁጥር ሆኖ ይታይ ነበር። የሕሙማን መዝገቡን፣ የምርመራ ውጤቱን፣ ወጪ የሆነውንና መደርደሪያው ላይ የቀረውን ጎን ለጎን የሚያስተያይ ዓይን ያስፈልጋል።

ስልጠናውን ከንቱ ያልሁት በምሬት ነው፤ ስትጠሩ ሂዱ። ያቺ ሠራተኛ መቁጠሩን ከእኛ ባትማርም፣ የቆጠረችው ነገር መጠየቅ የሚገባው ጉዳይ መሆኑን ያረጋገጠችው እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው። ስትሄዱ ግን እሷ ያነሳችውን ጥያቄ በጉባኤ ፊት አንሱት፦ ጥቆማው የሚደርሰው ከቅርብ አለቃችን ውጭ ለማን ነው? ስማችንን የሚያውቀው ማን ነው? መልስ የሚሰጠን በስንት ጊዜ ውስጥ ነው? አሰልጣኙ መመለስ ካቃተው ጥያቄው በስልጠናው ሪፖርት ላይ እንዲሰፍር አድርጉ። ግሎባል ፈንድን የመሰሉ ትልልቅ ለጋሾች ከማንም ሰው በቀጥታ ጥቆማ የሚቀበል የዋና ኢንስፔክተር ጽሕፈት ቤት አላቸው፤ የፕሮጀክታችሁን ለጋሽ አድራሻ ሥራ በጀመራችሁበት ሳምንት ፈልጋችሁ ያዙ። ከእናንተ መካከል ነገ ኃላፊ የሚሆኑ አሉ፤ ጥቆማ ሲደርሳችሁ በዚያው ቀን ግምጃ ቤቱን አሽጋችሁ፣ ከሌላ ክፍል በመጣ ሰው አስቆጥሩ።