መልስ፦ ጅማ አጠገብ ያለው የቦዬ ዳር ጨፌና የበቆሎ ማሳ እኩል ዋጋ ለወጣልህ

እያንዳንዱ መሬት የሚሰጠው ጥቅም ስንት እንደሚያወጣ ከመሬት አጠቃቀም ካርታ ተነስተህ አስልተህ፣ ጨፌውና ማሳው ለምን እኩል ወጡ ብለህ ጠይቀሃል። እኩል የወጡት ካርታህ ሁለቱንም «የእርሻ መሬት» ብሎ አንድ ላይ ስለጨፈለቃቸው ነው። ስሌቱን አትንካው፣ ካርታውን አስተካክል።

1. የሴንቲኔል 2 የሳተላይት ምስል በነጻ ታገኛለህ። ዝርዝሩ እስከ 10 ሜትር ይወርዳል፣ ማለትም የምስሉ አንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር መሬት ታሳያለች። የጥቅምትና የየካቲት አውርድና አወዳድር። ጨፌው እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፣ ማሳው ደርቆ ይለያል።

2. ማሳ፣ ጨፌ፣ ባህር ዛፍ፣ የቡና ጓሮ እያልክ ለየብቻ ክፈል።

3. ለእያንዳንዱ ምርቱን፣ ጎርፍ መያዙን፣ ደለል ማስቀረቱን በየራሱ አምድ አስገባ። ወደ ብር ለመቀየር አትቸኩል። በቆሎ ገበያ ላይ ዋጋ አለው፣ ጎርፍ ለሚውጥ ሳር ግን ማንም ዋጋ አይለጥፍለትም፣ ስለዚህ ቶሎ ከደመርከው ከተማው የሚሰፋው ጨፌው ላይ ይሆናል።

አደራ፣ በበጋ ብቻ ወጥተህ እንዳትመዘግብ። እኔ ጅማ ዳር በጥር «ደረቅ ግጦሽ» ብዬ የጻፍኩት ቦታ ላይ በነሐሴ ስመለስ ውሃው ከቦቲዬ በላይ አለፈ። አንዲት እናት ለቡና የሚጎዘጎዝ ቄጤማ ያጭዳሉ። «እዚህ ላይ ነው ቤት የምትሠሩት?» ብለው ሳቁብኝ። ቄጤማው ደግሞ ሠንጠረዤ ውስጥ ጭራሽ አልነበረም።