ዴሞክራት ወይስ ሪፐብሊካን? ለአዲሱ ሲቲዝን ወገኔ

ቃለ መሐላ ፈጽመው ሲቲዝን የሆኑ ልጆች አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። "ጋሼ፣ ለእኛ የሚሻለው የትኛው ፓርቲ ነው?" መልሴን ግን አይጠብቁም፤ እነሱው ይመልሱታል። አንዱ ዴሞክራት ለስደተኛ ጥሩ ነው ይላል። ሌላው ሪፐብሊካን ፈሪሃ እግዚአብሔር አለው ይላል። ሦስተኛው ደግሞ "አገራችን ላይ ማዕቀብ ያመጣው ማን ነበር?" ብሎ ዘሎ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው አዲስ አበባ ይገባና በዚያው ይቀራል።

ለማን ድምፅ ስጡ አልላችሁም። እሱ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። በምን መዝናችሁ እንደምትሰጡ ግን እኔንም ያገባኛል፤ ምክንያቱም ውጤቱን አብረን ነው የምንኖረው። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምህረቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

1. ወረቀቱ

ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ አይሰጥም፣ አለቀ። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ለመራጭነት መመዝገብ ትፈልጋለህ ወይ የሚለውን ሳጥን ሳታነቡ ምልክት እንዳታደርጉበት፤ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። ሲቲዝን ከሆናችሁ ተመዝገቡ፣ ቤት በቀየራችሁ ቁጥር አድራሻችሁን አስተካክሉ።

2. ፓርቲ ስትባሉ አትደንግጡ

እኛ ፓርቲ ሲባል የምናውቀው ሌላ ነገር ነው። ወላጆቻችን ኢሕአፓ ነህ መኢሶን ተባብለው የተላለቁ፣ በቀይ ሽብር ልጅ የቀበሩ ናቸው። ቀጥሎ ኢሠፓ መጣ፣ ቀጥሎ ኢሕአዴግ። የአባልነት ደብተር እንጀራ የሚያበላበት፣ ደብተር አለመያዝ ደግሞ ከሥራ የሚያስቀርበት አገር ነው ያደግነው። ስለዚህ አበሻ የመራጭ መመዝገቢያ ፎርም ላይ "ፓርቲ" የሚል ሲያይ እጁ ይንቀጠቀጣል። "ኧረ እኔ ከማንም የለሁበትም" ብሎ ያለ ፓርቲ ይመዘገባል።

እዚህ ያ ሁሉ የለም። መዋጮ የለም፣ ስብሰባ የለም፣ ግምገማ የለም። ፎርም ላይ ምልክት ማድረግ ነው፤ ሐሳባችሁን ስትቀይሩ ፎርሙን ትቀይራላችሁ። በዋናው ምርጫም የተመዘገባችሁበትን ትታችሁ ለሌላው ድምፅ ብትሰጡ የሚጠይቃችሁ የለም። ቨርጂኒያና ቴክሳስ ውስጥ እንዲያውም ስትመዘገቡ ፓርቲ ምረጡ የሚላችሁ የለም። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ያለ ፓርቲ የተመዘገበ ሰው የፓርቲዎቹ ፕራይመሪ (ፓርቲው እጩውን የሚመርጥበት ምርጫ) ላይ ድምፅ መስጠት አይችልም። ይህቺን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

3. ልዩነታቸው

በደፈናው ይሄ ነው። ዴሞክራቶች መንግሥት ሰፋ ብሎ ሕክምናውን፣ ደመወዙን፣ የሠራተኛውን መብት ይደግፍ ይላሉ፤ ለዚህም ሀብታሙ የበለጠ ታክስ ይክፈል ባዮች ናቸው። ሪፐብሊካኖች ታክስ ይቀነስ፣ መንግሥት እጁን ይሰብስብ፣ ነጋዴውን አታስጨንቁት ይላሉ። ለምሳሌ በ2017 ያጸደቁት ሕግ የኩባንያዎችን የገቢ ታክስ ከ35 ወደ 21 በመቶ አውርዶታል፤ አንድም ዴሞክራት አልደገፈውም። በጽንስ ማቋረጥ፣ በጦር መሣሪያ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ፆታ በሚባለው ነገር እንደሚለያዩ ታውቃላችሁ። ቤተ ክርስቲያናችንም መስጊዳችንም በእነዚህ ጉዳዮች ከሪፐብሊካኑ ይቀርባሉ። ሰኞ ጠዋት ሥራ ስንገባ ደግሞ የብዙዎቻችን ኪስ ከዴሞክራቱ ይቀርባል። ይሄ ግጭት የሌለበት አበሻ ካለ አሳዩኝ።

ልዩነቱ ዓይን ላይ የሚወድቀው ግን ስቴት ሲለያይ ነው። ዳላስ ያለ ዘመዳችሁንና ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን አስቡ። ቴክሳስ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ የፌዴራሉ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው፤ ከ2009 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ሜሪላንድ 15 ዶላር ነው። ቴክሳስ ሜዲኬይድን (ለደሃ የሚሰጠውን የመንግሥት የሕክምና ሽፋን) ስላላሰፋች ልጅ የሌለው፣ ጤነኛ ግን ደሃ የሆነ ጎልማሳ ምንም አያገኝም፤ ሜሪላንድ ያለው ገቢውና የመኖሪያ ፈቃዱ ከፈቀደ ያገኛል። የዳላሱ ደግሞ የስቴት የገቢ ታክስ የሚባል አያውቅም። የሜሪላንዱ ለስቴቱም ለካውንቲውም ይከፍላል። ሁለቱም "እኔ ጋ ይሻላል" ሲሉ እሰማለሁ፤ ሁለቱም አልዋሹም።

የስደተኛውን ነገር ደግሞ በጥቅሉ አትዩት። ግማሾቻችን በዲቪ ነው የመጣነው። ዲቪን የወለደው የ1990ው የኢሚግሬሽን ሕግ ነው፤ ያወጣው ዴሞክራቶች የሚመሩት ኮንግረስ፣ የፈረመው ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ቡሽ፣ ትልቁ። በስደተኛ ካምፕ በኩል ለመጣችሁት መንገዱን የከፈተው የ1980ው ሕግ ነው፤ እሱን የፈረመው ዴሞክራቱ ካርተር ነው። ዛሬ ያ ዘመን አልፏል። ባይደን የዓመቱን የስደተኛ ኮታ ወደ 125 ሺህ አወጡት፤ ትራምፕ ጃንዋሪ 2025 በገቡበት ቀን ፕሮግራሙን አገዱት። በዚህ ላይ ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው፣ ማንም አያታልላችሁ። ግን ደግሞ በውጭ አገር የተማረ ሐኪም ሬዚደንሲ (የሆስፒታል ልምምዱን) ሳይደግም በቁጥጥር ሥር እንዲሠራ ቀድማ ሕግ ያወጣችው ቴነሲ ናት፣ ሪፐብሊካኖች እንዳሻቸው የሚያደርጉባት ስቴት። ጥቁር አንበሳ የተማረ ሐኪም እዚህ የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ ላየ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ ሕግ ብቻ ላሳያችሁ። ጁላይ 4 ቀን 2025 ትራምፕ የፈረሙት ትልቁ የታክስ ሕግ ነው። ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ 218 ለ 214 አለፈ፤ አንድም ዴሞክራት አልደገፈውም። አሁን አንድ የአበሻ ቤት አስቡ። ልጅቷ ምግብ ቤት ታስተናግዳለች። ሕጉ በዓመት እስከ 25 ሺህ ዶላር የሚደርሰውን ጉርሻዋን የፌዴራል ታክስ ከሚታሰብበት ገቢዋ ላይ ቀነሰላት። ወንድሟ ኦቨርታይም ይሠራል፤ ለእሱም ቀነሰለት። አክስታቸው በስደተኝነት ገብተው ግሪን ካርዳቸው ገና አልደረሰም፤ የእሳቸውን ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ ድጎማ) ይኸው ሕግ ወሰደው። አባትዬው ለእናታቸው መቀሌም ይሁን ደሴ ብር ሲልኩ ጥሬ ገንዘብ ይዘው ሱቅ ከሄዱ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 1 በመቶ ይቆረጥባቸዋል። (ከባንክ ሂሳብ ወይም በአሜሪካ ዴቢት ካርድ ከላኩ አይቆረጥም፤ እባካችሁ ለትልልቆቹ ንገሯቸው።) ልጅቷ "ሪፐብሊካን ጠቀመኝ" ብትል እውነቷን ነው፣ አክስትየው ቢያዝኑም እውነታቸውን ነው። ያ ሁሉ ሰው አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ዩቲዩብ ላይ ስለ አራት ኪሎ ሲከራከር ያመሻል። ስለዚህ ሕግ አንድ ቃል አይወጣውም።

4. አገር ቤትን በአሜሪካ ፓርቲ መመዘን

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው።

ኦክቶበር 2020 ትራምፕ ስለ ሕዳሴ ግድቡ ሲናገሩ ግብፆች ያፈነዱታል አሉ፤ ከዚያ በፊትም በግድቡ ምክንያት የእርዳታ ገንዘብ አግደው ነበር። አበሻው ነደደ። "ባይደን ይምጣልን" ተባለ። ባይደን መጡ። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት በሜይ 2021 የቪዛ ክልከላ፣ በሴፕቴምበር የማዕቀብ ትእዛዝ መጣ። አበሻው እንደገና ነደደ። ያው ሰው፣ ዓመት ሳይሞላው፣ "ዴሞክራት ከዳን፣ ሪፐብሊካን እንሁን" አለ።

ቀጥሎ የሆነውን የቨርጂኒያ ሰዎች ታስታውሳላችሁ። ኖቬምበር 2021፣ የገዥ ምርጫ፣ በዚያው ወር የኖ ሞር ሰልፍ (ምዕራባውያን በኢትዮጵያ ጉዳይ ጣልቃ መግባት ይብቃቸው የሚለው)። ሪፐብሊካኑን ያንግኪንን ለማስመረጥ እንዲህ አበሻ ሲሯሯጥ አይቼ አላውቅም ነበር፤ በር አንኳኳ፣ ስልክ ደወለ፣ ባነር ሰቀለ። ያንግኪን ከ64 ሺህ ባነሰ ድምፅ ልዩነት አሸነፉ። ጭፈራው ሌላ ነበር። በሌላ ወገን ደግሞ ጦርነቱ ቤታቸውን ያፈረሰባቸው ወገኖቻችን ያንኑ የባይደንን መስመር ደግፈው እያለቀሱ ሰልፍ ይወጡ ነበር። የማንንም ሐዘን አላናንቅም።

ግን ልጠይቃችሁ። የቨርጂኒያ ገዥ የውጭ ፖሊሲ ላይ ምን ሥልጣን አለው? ምንም። ኢትዮጵያ ከአጎዋ (ሸቀጥ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው እድል) የተሰረዘችው ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ነው፤ ከድሉ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። ሪችመንድ ያለው ገዥ በዚህ አይገባም። የሚገባው በሜዲኬይድ ነው፣ በትምህርት ቤት በጀት ነው፣ በነርስና በሐኪም ፈቃድ ነው። ያን ሁሉ በር ያንኳኳ ሰው በማግስቱ ሄዶ "አስመርጠንሃል፣ ስለዚህ ይሄን አድርግልን" ብሎ ስለ ራሱ ኑሮ የጻፈው ዝርዝር አላየሁም። ዛሬም ይቆጨኛል። በዚህ አገር እንደዚያ የተፈለግንበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ስንፈለግ የጠየቅነው ሰውዬው ሊሰጠን የማይችለውን ነበር።

ፓርቲዎቹስ በኢትዮጵያ ጉዳይ ይለያያሉ ወይ? በተግባር የጎላ ልዩነት አላየሁም። በ2018 ኢሕአዴግን ያወገዘውን የተወካዮች ምክር ቤት ውሳኔ፣ ኤችአር 128ን፣ ያቀረቡት ሪፐብሊካኑ ክሪስ ስሚዝ ናቸው፤ የኦሮራ ኮሎራዶው ሪፐብሊካን ማይክ ኮፍማንም አብረው ታገሉለት፣ አበሻም ደገፋቸው። በ2022 ስንጮህበት የከረምነውን የማዕቀብ ረቂቅ ሕግ፣ ኤችአር 6600ን፣ ያቀረቡት ዴሞክራቱ ማሊኖውስኪና ሪፐብሊካኗ ያንግ ኪም ናቸው፣ አንድ ላይ። አንዱ ፓርቲ ወዳጅ፣ ሌላው ጠላት የሚለው ተረት እዚህ ላይ ያበቃል። የኮንግረስ ቢሮዎች የሚያስታውሱን ሌላ ነገር ነው፤ ዛሬ አንዱ ወገን መጥቶ ማዕቀብ ይጣል ይላል፣ ነገ ሌላው መጥቶ ይነሳ ይላል፣ ከነገ ወዲያ ሦስተኛው ሁለቱንም ይከሳል። ጸሐፊዋ ሁሉንም በትህትና መዝግባ ትሸኛለች።

አሁን ወደ ሜሪላንዷ ነገር ልመለስ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ማለት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ የአበሻ አገር ነው። እዚያ የዴሞክራቱን ፕራይመሪ ያሸነፈ ሰው ካውንቲውን ወሰደ ማለት ነው፤ የኖቬምበሩ ለወጉ ነው። በ2018 ለካውንቲው ዋና ሥራ አስፈጻሚነት የተደረገው ፕራይመሪ እንደገና ሲቆጠር ማርክ ኤልሪች ያሸነፉት በ77 ድምፅ ነው። በ2022 ከያው ተፎካካሪ ጋር ተገናኝተው በ32 ድምፅ አሸነፉ። ሠላሳ ሁለት! ከሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለበት ካውንቲ። አንድ የጽዋ ማኅበር ሠላሳ ሁለት ሰው አለው። አንድ እድር ብቻውን ካውንቲ መገልበጥ ይችል ነበር። የቤት ኪራይ ጭማሪ ገደብ፣ የትምህርት ቤት ገንዘብ፣ የትናንሽ ነጋዴዎች ፈቃድ እዚያ ነው የሚወሰነው። እኛ ግን ወይ "ፓርቲ አልገባም" ብለን ያለ ፓርቲ ተመዝግበናል፣ ወይ ፕራይመሪ መኖሩንም አልሰማንም፣ ወይ የዚያን ቀን ኮሜንት እየጻፍን ነበር።

ዲሲ ላይ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ በሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ማን ሰጠን? የከተማው ምክር ቤት። የቀበሌ ያህል የቀረበ ምክር ቤት። ዋይት ሐውስ ፊት ለፊት ተጩኾ የተገኘ ነገር አይደለም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ምርጫ እጩዎቹ አዳራሻችን ሲመጡ (ይመጣሉ፣ ነጠላም ይለብሳሉ፣ "አመሰግናለሁ" ሲሉ ጭብጨባው ጣሪያ ይነካል) ፎቶ ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቋቸው። አገር ቤት ስለሚሆነው ነገር ምን ይሰማዎታል ብላችሁ አትጀምሩ፤ ሁሉም "በጣም ያሳዝናል" ነው የሚላችሁ። የሜዲኬይድ የሥራ ግዴታ፣ በወር 80 ሰዓት የሚለው፣ በ2027 ሲጀምር ሰዓቱ የሚቆራረጥበትን የራይድ ሹፌር ስቴቱ እንዴት ሊመዘግበው ነው? በውጭ አገር የተማረችው ነርሳችን ፈቃድ ለማግኘት ስንት ዓመት ትጠብቅ? ኪራይ በዓመት ስንት በመቶ ይጨምር? የልጆቻችን ትምህርት ቤት አማርኛ የሚናገር ሰው ይቀጥራል ወይ? መልሱን ጻፉት፣ የተናገረበትን ቀንም ጻፉ። ከተመረጠ ከስድስት ወር በኋላ ወረቀቷን ይዛችሁ ቢሮው ሂዱ።