ኳሱ እግራችሁ ስር በሌለ ጊዜ

እስቲ አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ጨዋታ 90 ደቂቃ ነው። ኳሱ ወደ ውጭ የሚወጣበት፣ ዳኛው የሚያፏጭበት፣ በረኛው ሰዓት የሚገድልበት ሲቀነስ ኳሱ በትክክል የሚንከባለለው አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ያንን ለ22 ሰው አካፍሉት። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ እንኳን አይደርሰውም። ታዲያ የቀረውን ጊዜ ሁሉ ምን ስትሠሩ ነው የምታሳልፉት?

ይህን ጥያቄ እኔ የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ ያውም በስደት፣ ያውም በለበጣ።

በመጣሁበት ዓመት ሕይወቴ ሥራ፣ አልጋ፣ ሥራ ነበር። አብሮኝ ሌሊት የሚሠራ አንድ ያገሬ ልጅ "እሁድ እሁድ ኳስ እንጫወታለን፣ ለምን አትመጣም?" አለኝ። ሄድኩ። ታኬታ ተበደርኩ፣ በአንድ ቁጥር ይጠበኝ ነበር። ኳስ ይችላል እየተባልኩ ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ ለማሳየት ቸኮልኩ። አብዶ፣ አሁንም አብዶ፤ ሁለት ሰው አልፍና ሦስተኛው ይነጥቀኛል። አንዴ ግን ጥሩ ኳስ አቀበልኩና ወገቤን ይዤ ቆሜ ማየት ጀመርኩ። አምበላችን፣ ሃምሳ ሊሞላው ምንም ያልቀረው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው፣ በአጠገቤ እየሮጠ ሲያልፍ "ምነው፣ ፎቶ እስኪያነሱህ ነው?" አለኝ።

ሁሉም ሳቀ። እኔ ተናድጄ ሁለት ሳምንት ቀረሁ። (ኩራት እንዲህ ናት፤ ተው የሚላት ዘመድ በሌለበት አገር እንኳን ታኮርፋለች።)

ነገሩ የገባኝ ተመልሼ ስሄድ ነው። ጋሼ በአንድ ጨዋታ ኳስ የሚነካው አሥራ አምስት ጊዜ ቢሆን ነው። ግን ሁሉም ሰው እሱ ባለበት ቡድን መሆን ይፈልጋል። ተከላካዩ ወደ ፊት ሲወጣ እሱ ወደ ኋላ ይቀርለታል። ኳስ እንደማይደርሰው እያወቀ ወደ መስመር ይሮጣል፣ ጠባቂው ይከተለዋል፣ መሀሉ ለሌላው ይከፈታል። ጎሉ ሲገባ ስሙን የሚጠራ የለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያወራል። "ዙር!" "ጊዜ አለህ!" "ሰው አለብህ!"

ይቺን "ሰው አለብህ" የምትለዋን ያዙልኝ። ኳስ ሲመጣላችሁ ዓይናችሁ ኳሱ ላይ ነው፤ ከጀርባ እየተንደረደረ የሚመጣውን አታዩም። የሚያይላችሁ ሌላ ሰው ነው። የስደት ኑሮ ደግሞ ዓይንን ኳሱ ላይ ተክሎ መዋል ነው፤ የዚህ ወር ኪራይ፣ የነገው ፈረቃ፣ ወደ ቤት የሚላከው። እኔ በሁለተኛ ዓመቴ መኪና በብድር ስገዛ ስለ ወለዱ የተጻፈውን ሳላነብ ፈረምኩ። አምስት ዓመት ሙሉ ያችን መኪና ሳይሆን ወለዷን ስነዳ ኖርኩ ማለት ይቻላል። ከቡድናችን አንዱ በዚያው ጉድጓድ ገብቶ የወጣ ሰው ነበር፤ ወረቀቱን ባሳየው ኖሮ በሁለት ደቂቃ ያስጥለኝ ነበር። ለምን አላሳየሁትም? "ጉዳዬን ምን አሳወቀው" ብዬ ነዋ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይኸው ነው። ሳትፈርሙ፣ ሥራ ሳትለቁ፣ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ጓዛችሁን ሳትጭኑ በፊት "ሰው አለብህ" ብሎ የሚጮህላችሁ ሁለት ሰው ይኑራችሁ። ሲጮሁም ስሙ። ሜዳ ላይ እንዲህ ብሎ ያስጠነቀቀንን ሰው "ቀንቶብኝ ነው" ብለን አናውቅም፤ ከሜዳ ስንወጣ ግን አመላችን ይመለሳል፣ ቤት ልትገዛ ነው ሲባል አንድ ጥያቄ የጠየቀ ሁሉ ምቀኛ ይሆናል።

ባልና ሚስት ላይ ትንሽ ልቆይ። እሱ ከሌሊት ፈረቃ ሲገባ እሷ ለቀኑ ትወጣለች፤ ልጁን በር ላይ ይቀባበሉታል። ሳምንቱን ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያወሩት ሩብ ሰዓት አይሞላም። ከዚያ አንድ ቀን "ከእኔና ካንቺ ማን ነው የበለጠ የሚያስገባው?" የሚል ወሬ ይነሳል። እኔ ብዙ ትዳር እዚህ ጋ ሲፈርስ አይቻለሁ። ጎል ቆጠራ ውስጥ ተገብቶ ማለት ነው። ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነስታ ሕፃን ያባበለችው ደመወዝ ላይ አይታይም። እሱ እሷ ትምህርቷን እንድትጨርስ ብሎ ሁለት ሥራ የሠራበት ዓመትም በምስክር ወረቀቷ ላይ ስሙ አልተጻፈም። ያ ሁሉ ጋሼ ወደ መስመር የሚሮጣት ሩጫ ናት። ቢያንስ በሳምንት አንዴ "አይቼሃለሁ፣ አይቼሻለሁ" መባባል ያስፈልጋል፤ እኔ ራሴ ይህን የለመድኩት ሚስቴ አንድ ጊዜ ሻንጣ ካወጣች በኋላ ነው።

ስለ ማኅበሮቻችን ብዙ አልልም። ሊቀመንበር መሆን የሚፈልግ ሞልቷል፣ ወንበር የሚደረድር የለም። አሥራ አንድ አጥቂ ይዞ ሜዳ የገባ ቡድን ምን እንደሚገጥመው ታውቁታላችሁ። በረኛ መቆም የሚወድ ስላልነበረ እኛ በየሩብ ሰዓቱ በተራ እንቆም ነበር፤ ያም ቢሆን ጓንቱን ሲያይ ጫማውን ማሰር የሚጀምር አይጠፋም።

ተቀያሪ ወንበር ላይ ላላችሁ ግን ቃል አለኝ። አገር ቤት መሐንዲስ ወይም ነርስ ወይም መምህር የነበራችሁ፣ እዚህ ዕቃ የምታነሱ፣ ሰው የምታመላልሱ። በፈረንጆቹ 1999 ማንቸስተር ዩናይትድ በሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ በባየርን ሙኒክ 1 ለ 0 ሲመራ፣ ሶልሻየር የገባው በ81ኛው ደቂቃ ነበር። በተጨማሪ ሰዓት እንደሱው ተቀይሮ የገባው ሸሪንግሃም አቻ አደረገ፣ ወዲያው ሶልሻየር ዋንጫውን አስቆጠረ። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሶልሻየር ወንበር ላይ ሲቀመጥ ምን ያደርግ እንደነበር ነው፤ ተከላካዮቹን ያጠና ነበር፣ ማን እንደደከመ፣ የት ክፍተት እንዳለ። እናንተም መኪናውን እየነዳችሁ ቋንቋውን ስሙ፣ የሙያ ፈቃድ የማውጫውን ፈተና ጠይቁ፣ ዲፕሎማችሁን የሚያስተረጉምና የሚያስመዝን ቦታ ፈልጉ። ወንበር ላይ መቀመጥ አያሳፍርም። ሰውነቱን ሳያሟሙቅ የተቀመጠ ግን ሲጠራ ጡንቻው ይሸማቀቃል። ዕድሉ ደግሞ በ81ኛው ደቂቃ ሊመጣ ይችላል፣ ላይመጣም ይችላል፤ አልዋሻችሁም።

ወረቀት። ሰኔ 2005 ዓ.ም ዋልያዎቹ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ የት ነበራችሁ? እኔ ከማላውቀው ሰው ጋር ተቃቅፌ አልቅሻለሁ። በፈረንጆቹ ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ከምድባችን አልፈናል ብለን ነበር። ደስታው ሳይበርድ የፊፋ ዜና መጣ፤ ከሳምንት በፊት ቦትስዋናን 2 ለ 1 ስናሸንፍ፣ ሁለት ቢጫ ስላለበት ማረፍ የነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ ኖሯል። ድሉ 3 ለ 0 ሽንፈት ተባለ፣ ሦስት ነጥብ ሄደ፣ ያለቀ የመሰለው ነገር እስከ መጨረሻው የምድብ ጨዋታ አንጠልጥሎን ቆየ። ሜዳ ላይ ያጠፋ ሰው አልነበረም። የጠፋው ቢጫውን የቆጠረ ሰው ነው። እናንተ ቤት ቢጫ የሚቆጥረው ማን ነው? የመኖሪያ ፈቃዱ መቼ ያልቃል? ፓስፖርቱስ? አድራሻ ስትቀይሩ ለሚመለከተው ቢሮ አሳውቃችኋል? አንድ ሰው መድቡ፣ ደብተር ይያዝ። እኛ ቤት ደብተሩ ልጄ ጋ ነው፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ እንደሷ የሚጨቀጭቅ ቢሮ አላየሁም።

እህቶቼ፣ ኳስ የወንድ ነው ብላችሁ እስካሁን ያነበባችሁትን እንዳትተዉት። ቮሊቦልም ሆነ ቅርጫት ኳስ ያው ነው፤ ዋናው የምትቀሩበት ቀን "የት ቀረች?" የሚል ቡድን መኖሩ ነው። እና ጠንከር ያለ ፉክክርም አትፈልጉ። ጋሼ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ የሚላት አንዲት ነገር ነበረች፤ "ሰኞ ሁላችንም ሥራ እንገባለን።" ያንን ረስቼ በገባሁበት አንድ ሸርተቴ የጉልበቴ ጅማት ተበጥሶ ሦስት ወር ያለ ደመወዝ ቤት ተቀምጫለሁ። የጤና መድን ከታኬታ ይቀድማል።

"የት ቀረ" ካልኩ አይቀር። አንድ አጥቂ ነበረን። እንደሱ ኳስ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም፤ "ስጡኝ! እዚህ ነኝ! ስጡኝ!" እያለ ጆሮ ያደነቁራል፣ ከተሰጠው ደግሞ አይመልስም። ሦስት እሁድ ተከታትሎ ቀረ። ፈረቃ ተቀይሮበት ነው አልን። በአራተኛው ጋሼ ጨዋታውን ትቶ ሊፈልገው ሄደ። አንድ ትልቅ ገበያ ጀርባ ካለ መኪና ማቆሚያ አገኘው፤ ሥራ አጥቶ፣ ከቤት ወጥቶ፣ ከወር በላይ መኪናው ውስጥ እያደረ ነበር። ማሊያችንን መስኮቱ ላይ እንደ መጋረጃ ሰቅሎታል። ጋሼ መስታወቱን አንኳኳና "ሜዳ ላይ 'ስጡኝ' ማለት አንደኛ ነህ፣ እዚህ ምላስህን ምን ያዘው?" አለው።

ልጁ መልስ አልነበረውም። እኔ ቤት ሳሎን ውስጥ ሁለት ወር ተኛ። የማደሪያውን ነገር እኛ ቻልን፣ ከመሀላችን አንዱ የሚሠራበት ቦታ አስገባው። አሁን ከባድ መኪና ይነዳል፣ አግብቷል፣ እሁድ ሲመቸው ይመጣል። አሁንም ኳስ አያቀብልም።