እናትን ይዞ ጀርመን፣ ኮሎኝ፦ ከዶሙ (ከትልቁ ካቴድራል) ሌላ የት ይኬዳል?

ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ነገር አስታወሰኝ። «እማዬ ለገና ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ኮሎኝ ሁለት ቀን እናድራለን። ቤተ ክርስቲያን መሳለም ትወዳለች፣ ግን ጉልበቷን ያማታል። ከዶሙ ሌላ የት ልውሰዳት?» ነው ያልሽው። እኔ አክስቴን ይዤ ዞሬያለሁና ያየሁትን ልንገርሽ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

መጀመሪያ ነገር፣ ብዙ አታሳያቸው። መሃል ከተማው ላይ ብቻ 12 ትልልቅ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ሁሉንም ካልሽ እናትሽ ሦስተኛው ላይ ወንበር ይዘው አልነሳም ይላሉ፤ አይፈረድባቸውም። እኔ አራት ነው የምልሽ።

ከባቡር ጣቢያው ስትወጡ ዶሙ ፊታችሁ ድቅን ይላል። አክስቴ ቀና ብላ አይታ «ተቃጥሎ ነው እንዴ?» አለችኝ። አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦምብ ወድቆበታል፤ ጥቁረቱ ግን ድንጋዩ ስንት ዘመን የጠጣው ጭስና ቆሻሻ አየር ነው። ሥራው በ1248 ተጀምሮ ያለቀው በ1880 ነው። መሃል ላይ ገንዘቡም ፍላጎቱም ደርቆ 300 ዓመት ገደማ ቆሟል። የእንጨት ክሬኑ ጅምሩ ማማ ላይ እንደተገተረ ቀረ። ይህን ስነግራት «እኛ በኮንዶሚኒየም እናማርራለን» አለች። ዛሬም አንዱ ጎኑ ጥገና ላይ ነው። ዶሙ ያለቀ ዕለት ዓለም ያልቃል ይላሉ የከተማው ሰዎች።

ሻንጣ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። እኛ ከባቡር እንደወረድን ሄደን ከበር ተመልሰናል። ጣቢያው ውስጥ የሻንጣ ማስቀመጫ አለ፣ እዚያ አስገቡት።

ሻንጣውን አስቀምጠን ስንመለስ አክስቴ ደጁን ተሳለመችና ጎንበስ ብላ ጫማዋን መፍታት ጀመረች። «እዚህ በጫማ ነው የሚገባው» ብላት «እነሱ ይግቡ» አለችኝ። ቀይ ካባ የለበሱ አስተናባሪዎች አሉ፤ ባርኔጣ ያደረገ ወንድ ካዩ አውልቅ የሚሉ። አንዱ ወደኛ መጣ። ካልሲዋን አየ፣ በእጇ የያዘችውን ጫማ አየ፣ ከዚያ ምንም ሳይል እጁን ወደ ውስጥ ዘረጋላት።

ውስጥ ስትገቡ መስኮቱን፣ ጣሪያውን ተይውና ቀጥታ ወደ መንበሩ ውሰጃቸው። ከመንበሩ ጀርባ በመስታወት ውስጥ ትልቅ የወርቅ ሣጥን አለ፣ ቅርጹ እንደ ቤተ ክርስቲያን ነው። የሰብአ ሰገል አጽም ያለበት ነው ተብሎ ይታመናል። የኮሎኙ ሊቀ ጳጳስ በ1164 ከሚላኖ ነው ያመጣው። ከዚያ ወዲህ ተሳላሚው በዛና የድሮው ቤተ ክርስቲያን ጠበበ። ይህን ሁሉ ድንጋይ ያስቆለለው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ወርቅ፣ ዕጣን፣ ከርቤ ያመጡት ናቸው ስትያቸው እናትሽ ሌላ ማብራሪያ አይፈልጉም።

ቀኑን መምረጥ ከቻልሽ ጥር 6 በፈረንጅ አድርጊው። የሰብአ ሰገል በዓላቸው ነው፤ የኛ ገና ዋዜማ ላይ ይውላል። የሣጥኑ የፊት ክዳን ተነስቶ ዘውድ የደፉት ሦስቱ ራስ ቅሎች በፍርግርጉ ውስጥ ይታያሉ። ሰው ግን ይበዛል፣ በጠዋት ሂዱ። ቅዳሴ ላይ ከሆነ ዞሮ መጎብኘት ስለማይቻል ቁጭ ብላችሁ ማስቀደስ ነው። በየቤቱ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ ቁጥርና ፊደል ካዩና ከጠየቁሽ፣ በዚያው ሰሞን የንጉሥ ልብስ የለበሱ ልጆች እየዞሩ የሚጽፉት ቡራኬ ነው።

ከሣጥኑ ስትመለሱ የማርያም ጸሎት ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ ሥዕል አለ። ሽቴፋን ሎህነር የሚባል ሰው በ1440ዎቹ የሣለው ነው። መሃሉ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ሰብአ ሰገል ይሰግዳሉ። በግራ ቅድስት ኡርሱላ ከደናግሎቿ ጋር፣ በቀኝ ቅዱስ ጌሬዎን ከወታደሮቹ ጋር ቆመዋል። ይቺን ሥዕል እንደ ካርታ ያዣት። መሃሉን አይታችሁታል፤ የግራና የቀኙ ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያኖቻቸው በእግር የሚደረሱ ናቸው። እኔ ይህ የገባኝ ዞሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

በኡርሱላ ቤተ ክርስቲያን ያለው «የወርቅ ክፍል» ጉድ ነው። ግድግዳው ከመሃል እስከ ጣሪያ በሰው አጥንት ተሸፍኗል፤ ፊደልና ጌጥ እየሠሩ ነው የደረደሩት። ከእሷ ጋር 11,000 ደናግል ተሰውተዋል የሚል የቆየ ታሪክ አላቸው። እኔ አፌን ከፍቼ ሳይ አክስቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ምናለ አፈር ቢያለብሷቸው» ብላ ወጣች፣ ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ። ስለዚህ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ካልፈለጉ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቁጭ ይበሉ፣ ክፍሉ ለብቻው ነው። ክፍት መሆኑንም ቀድመሽ አጣሪ።

አክስቴ ጌሬዎን ቤተ ክርስቲያን ጋ ነው እንጂ የተረጋጋችው። አሥር ማዕዘን ያለው ረጅም አዳራሽ ነው፤ የታችኛው ግንብ ከሮማውያን ዘመን፣ ከአራተኛው ክፍለ ዘመን የተረፈ ነው። ጌሬዎንና ጓደኞቹ ከግብፅ የመጡ ክርስቲያን ወታደሮች እንደነበሩ ነው የሚተረከው። ጸጥ ያለ ነው፣ ቱሪስት የለም ማለት ይቻላል። ዳዊቷን አውጥታ እዚያ ደገመች፤ እኔም አልቸኮልኩም።

አራተኛው ሥዕሉ ላይ የለም፣ ግን ለእናት ከሁሉ የሚሻል እሱ ሳይሆን አይቀርም። ማርያም ኢም ካፒቶል ይባላል። ውስጡ በ1060ዎቹ ገደማ የተቀረጸ ትልቅ የእንጨት በር ቆሟል። የጌታ ታሪክ በየሣጥኑ ተቀርጾበታል። ጀርመንኛም እንግሊዝኛም አያስፈልግም። አክስቴ በጣቷ እያመለከተች ብሥራት፣ ልደት፣ ሄሮድስ፣ ሆሣዕና እያለች ቆጠረችልኝ፤ አስጎብኚዋ እሷ ሆነች። የኛ አገር ቤተ መቅደስ ግድግዳ ያሳደገው ሰው ይህን በር ያነበዋል።

የዶሙን ማማ እንዳታስቡት። 533 ደረጃ፣ ጠባብ፣ ጠመዝማዛ፣ ሊፍት የለውም። ከወንድሜ ልጅ ጋር ወጥቼ ሦስት ቀን ደረጃ በጎን ነው የወረድኩት። ከላይ ማየት ካማራችሁ ከራይን ወንዝ ማዶ ዶይትስ ላይ ኮልን ትሪያንግል የሚባል ፎቅ አለ፣ በሊፍት ነው፤ ዶሙ ራሱም የሚታየው ከዚያ ነው። የባቡር ድልድዩን በእግር ስትሻገሩ ፍቅረኞች የቆለፏቸውን ቁልፎች እናትሽ ምንድን ነው ማለታቸው አይቀርም፣ መልስ አዘጋጂ።

አንድ ወንድማችን ደግሞ ኮሎኝ ውስጥ የትኛውን መስጊድ ልይ ብሎ ጠይቋል። ኤረንፌልድ ሰፈር ያለውን ማዕከላዊ መስጊድ ሂድ፤ የከፈተ እምቡጥ ይመስላል፣ ሚናሬቶቹ 55 ሜትር ናቸው።

መግቢያ ክፍያ ስለሚቀያየር ከመሄዳችሁ በፊት እዩ። ደግሞ ወፍራም ካልሲ ያዢ፤ የዶሙ ወለል በጥር በረዶ ነው። ጫማዬን ካላወለቅሁ ካሉ አትከራከሪያቸው። እኔ ተከራክሬ ተሸንፌያለሁ።