ለሙዚቃ ስብስባችሁ የራሳችሁን መለያ ስጡት

ከአገር ርቃችሁ የምትኖሩ ወገኖች በስልካችሁ ያከማቻችሁት የኢትዮጵያ ሙዚቃ ከቀድሞ ሙዚቃ ቤት መደርደሪያ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ችግሩ በምትፈልጉት ሰዓት አለመገኘቱ ነው። እኔ ከረጅም የውጭ አገር ኑሮ በኋላ ተመልሼ የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሲሆን፣ ለክረምትና ለበዓል የሚመጡ ዘመዶቻችን «አንድ ዘፈን ላሰማችሁ» ብለው ስልካቸውን ሲያገላብጡ ቡናው በረካ ላይ ይደርሳል። ዘፈኑ ጠፍቶ አይደለም፤ መተግበሪያው የደረደረበት መንገድ እነርሱ ዘፈኑን ከሚያስታውሱበት መንገድ ጋር ስለማይገጥም ነው።

ስፖቲፋይም ሆነ አፕል ሙዚቃ ወይም ዩቲዩብ ሙዚቃ ዘፈንን የሚያስቀምጡት በዘፋኙ፣ በአልበሙና አሳታሚው በሰጠው የሙዚቃ ዓይነት ነው። የእኛ ዘፈኖች ደግሞ ከክራር ትዝታ እስከ ጉራጊኛ ጭፈራ ድረስ ብዙ ጊዜ «አፍሪካ» በሚል አንድ ጆንያ ውስጥ ታጭቀው ይገኛሉ። ስለዚህ መለያውን፣ ብዙዎቻችሁ ታግ የምትሉትን፣ እናንተው ልትሰጡት ይገባል።

ከመለያው በፊት ግን ስሞቹ መስተካከል አለባቸው። የጥላሁን ገሠሠ ስም በላቲን ፊደል አንድ ቦታ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላ ቦታ በሁለት ስለሚጻፍ አንዱ ድምፃዊ ሁለትና ሦስት ሰው ሆኖ ይቀመጣል። ማሕሙድ አሕመድንም ዓለማየሁ እሸቴንም የገጠማቸው ይኸው ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች በተጨማሪ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥረው ስለሚያስቀድሙ አስቴር አወቀን ከ«አወቀ» ሥር ትፈልጓታላችሁ። ከቴሌግራም ባወረዳችሁት ፋይል ላይ ደግሞ በዘፋኙ ቦታ የቻናሉ ስም ተጽፎ ማየት የተለመደ ነው። ይህን ሁሉ ሳታጸዱ መለያ ብትደርቡበት ድካማችሁ ከንቱ ይሆናል።

መለያውን በራሳችን ፊደል እንድትጽፉት እመክራለሁ፤ ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ዛሬ «ሠርግ» ብላችሁ ከነገ ወዲያ «ሰርግ» ብትሉ ሁለት መለያ ፈጠራችሁ ማለት ነው፤ የእህታችሁ ልጅ ሙሽራ በሆነችበት ማታ ከዘፈኖቹ ግማሹ አይመጣም። በመለያዎቻችሁ ላይ ሁልጊዜ ሀን፣ ሰን፣ አን እና ጸን ብቻ ተጠቀሙ። የግእዝ አዋቂዎች ይቅር ይበሉኝና፣ ትክክለኛውን አጻጻፍ በዘፈኑ ርእስ ላይ ጠብቃችሁ በመለያው ላይ መተው ይቻላል።

መለያው ሲበዛ ይሞታል። ለእያንዳንዱ ስሜት ስም የሚያወጡ ሰዎች አይቻለሁ፤ «የዝናብ ቀን»፣ «የናፍቆት»፣ «የማታ ናፍቆት» እያሉ ቆይተው የትኛው የቱን እንደያዘ ራሳቸውም ይረሱታል። ለእኛ ሙዚቃ የሚበጁት ቅኝት (ዜማው የሚመሠረትበት የድምፆች አሰላለፍ)፣ ምት፣ ቋንቋ፣ ዘመንና አጋጣሚ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ቋንቋው ግልጽ ነው። ምቱን ችክቺካ፣ ጉራጊኛ፣ ሬጌ እያላችሁ በምታውቁት ስም ጻፉት።

ቅኝቱ ግን ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ አራቱ ዋነኛ ቅኝቶች ሲሆኑ፣ ትዝታንና ባቲን ሙዚቀኞች ሜጀርና ማይነር እያሉ ይለዩዋቸዋል። ይህ መለያ ሌላው ሁሉ የማይሰጣችሁን ነገር ይሰጣችኋል፤ አንድ የአምባሰል ዘፈን ስታደምጡ በሸክላ፣ በማሲንቆና በዘመናዊ ባንድ የተሠሩት ሌሎች አምባሰሎች አብረው ይቀርቡላችኋል፤ ይህን ዓይነት ዝምድና የመተግበሪያው ቀመር ሊደርስበት አይችልም። «ትዝታ» የሚል ርእስ ያለው ዘፈን ስፍር ቁጥር ስለሌለው ግን ከቅኝቱ ጎን «በክራር»፣ «በማሲንቆ» ወይም «በባንድ» የሚል ጨምሩበት። ቅኝቱን በጆሯችሁ መለየት ካልቻላችሁ ክራር የሚመታ ሰው ጠይቁ፤ እስከዚያው ቦታውን ባዶ ተዉት፤ የተሳሳተ መለያ ጭራሽ መለያ ካለመኖሩ የባሰ ያሳስታል።

በዘመን ጉዳይ ላይ የመተግበሪያውን ቁጥር አትመኑ። እዚያ የሚታየው ዓመት ብዙ ጊዜ ሥራው ዳግም የታተመበት ወይም የተጫነበት እንጂ የተዘፈነበት አይደለም። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የታተመው ኢትዮፒክስ የተባለ የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ በአብዛኛው የዐፄ ኃይለ ሥላሴን ዘመን መጨረሻና የደርግን መጀመሪያ ሥራዎች የያዘ ሆኖ ሳለ፣ የብዙዎቹ ዘፈኖች ዓመት ከተከታታዩ ኅትመት ጋር ይያያዛል። በዚህ ላይ የእኛ የዘመን አቆጣጠር አለ፦ በካሴት ሽፋን ላይ የታተመ 1977 ማለት በፈረንጆቹ 1984 ወይም 1985 ነው፤ የዋልያስ ባንድ ታዋቂ ሸክላ ታተመ የሚባልበት 1977 ግን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ብታስገቡ ሰባትና ስምንት ዓመት ይዛነፍባችኋል። የእኔ ምርጫ ዓመቱን ትቶ በመገልገያው መለየት ነው፦ ሸክላ፣ ካሴት፣ ሲዲ፣ ነጠላ ዜማ። አምሃ ሬከርድስ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1969 ማሳተም ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ያበበው የአገር ቤት የሸክላ ሥራ በእኛ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ለካሴት ቦታውን ስለለቀቀ፣ «ሸክላ» የሚለው አንድ ቃል ብቻውን ዘመኑንም የድምፁንም ለዛ ይነግራችኋል።

አጋጣሚ ያልኩት ዘፈኑ የሚደመጥበትን ጊዜ ነው፦ ሰርግ፣ በአል፣ ልጆች፣ ጾም። የመጨረሻውን በቀላሉ አትዩት። ሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን ነው፤ እናታችሁን መኪና ውስጥ አስቀምጣችሁ ከመዝሙር ቀጥሎ በዘፈቀደ የእስክስታ ዘፈን ቢፈነዳ የምታዩት ፊት አስደሳች አይደለም።

አሁን መተግበሪያዎቹ ስለ እኛ ዘፈኖች ብዙ ጊዜ የማይነግሯችሁን ላንሣ፤ ግጥሙ የማን ነው፣ ዜማው የማን ነው፣ ማን አቀናበረው? አንድን ዘፈን ወዳችሁት ሌላ ዘፋኝ ጋ ተመሳሳይ ውበት ያገኛችሁበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ አቀናባሪው ነው። የኤልያስ መልካን ቅንብሮች በአንድ መለያ ብትሰበስቡ በተለያዩ ድምፃውያን ሥራ ላይ አንድ እጅ ሲሠራ ትሰማላችሁ። የሮሃ ባንድ አጃቢነትም እንዲሁ ነው። ይህ መረጃ ያለው በካሴት ሽፋን ውስጥ ነው፤ የታጠፈውን ወረቀት ስትዘረጉት በደቃቅ ፊደል ከእያንዳንዱ ርእስ ፊት የግጥምና የዜማ ባለቤት፣ ግርጌው ላይ ቅንብር፣ ባንድና አከፋፋይ ተዘርዝሮ ታገኛላችሁ፤ ማጠፊያው ላይ ያለው መስመር ብዙ ጊዜ ተልጦ ስለሚነጭ ሳይውል ሳያድር መገልበጥ ይኖርበታል። ከመሀል ከተማ ወደ ኮዬ ፈጬ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱና ወደ አያት ወጥተው የሰፈሩ ቤተሰቦች ካሴቶቻቸውን በካርቶን ይዘው መጥተዋል፤ ካርቶኑ አልጋ ሥር ነው ያለው። ወንድማችሁን ወይም አክስታችሁን የሽፋኖቹን ሁለት ገጽ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፤ እንደ ፎቶ ከላኩት ስለሚጨመቅ ደቃቁ ጽሑፍ ይደበዝዛል፤ «እንደ ፋይል» ይላኩት።

ካሴቱን ራሱን ወደ ዲጂታል ለማዛወር ለምትፈልጉ ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። በሲዲ ጥራት ያልተጨመቀ ድምፅ በደቂቃ ወደ 10 ሜጋባይት ስለሚወስድ የ60 ደቂቃ ካሴት ወደ 600 ሜጋባይት ይሆናል፤ ፍላክ በሚባለው ዓይነት ብታስቀምጡት ጥራቱ ሳይጓደል በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

መለያዎቹን የት እናስቀምጥ ለምትሉ፣ ስፖቲፋይ የራስን መለያ ስለማይቀበል እያንዳንዱን መለያ ፕሌይሊስት አድርጋችሁ በፎልደር አደራጁ፤ ፎልደሩን በኮምፒውተር ላይ ፍጠሩት። አፕል ሙዚቃ በኮምፒውተር ላይ የአስተያየት ሣጥን ስላለው መለያችሁን እዚያ ጽፋችሁ፣ ቃሉን የያዙትን ዘፈኖች በራሱ የሚሰበስብ ብልህ ፕሌይሊስት ልታዘጋጁ ትችላላችሁ። የራሳችሁ ፋይል ላላችሁ በፋይሉ ውስጥ ያለውን መለያ የሚያርሙት ኤምፒ3ታግ ወይም ሙዚክብሬይንዝ ፒካርድ የተባሉት ፕሮግራሞች ተመራጭ ናቸው። የግእዝ ፊደላችሁ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከታያችሁ ፋይሉ አይዲ3 ከሚባለው የመለያ መጻፊያ ስልት 30 ፊደል ብቻ የሚይዘውንና ዩኒኮድን፣ ማለትም የእኛን ፊደል የሚያካትተውን የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት፣ የማያውቀውን የመጀመሪያውን ዓይነት እየተጠቀመ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሁለተኛው ለውጡት። ቴክኖሎጂ ለሚቀናችሁ፣ ናቪድሮም የተባለውን ነፃ ፕሮግራም በቤታችሁ አነስተኛ ኮምፒውተር ላይ ጭናችሁ ስብስባችሁን ከየትም ሆናችሁ ማድመጥ ይቻላል።

ከውጭ ስትነሡ የምትፈልጉትን ፕሌይሊስት አውርዳችሁ ኑ። በእኛ ዳርቻ መብራትም ኔትወርክም የሚሄድበት ሰዓት አለ፤ ስፖቲፋይ ላይ ያወረዳችሁት ደግሞ ቢያንስ በ30 ቀን አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ካላገኘ አይከፈትም።

መተግበሪያውም ዘላለማዊ አይደለም፤ እዚያ የሚደመጥበት ፈቃድ ያበቃ ዘፈን ደብዝዞ አላጫውት ይላል፤ ጎግል ፕሌይ ሙዚቃም እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ተዘግቶ ተጠቃሚው ስብስቡን ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር ተገዷል። ስለዚህ ርእሱን፣ ዘፋኙን፣ ግጥምና ዜማውን፣ አቀናባሪውንና መለያዎቹን በኤክሴል ዝርዝር ከመተግበሪያው ውጭ አስቀምጡ፤ አንድ ግልባጭም የሽፋኑን ፎቶ ለላከላችሁ ዘመድ መልሳችሁ ላኩለት፤ በእጁ ያለውን ካሴት አይቶ የጎደለውን ይሞላላችኋል።